ፌጦ ያላበቀለ ፍግ ለቲማቲም አይሆንም

ሐምሌ 20

አምና ከተከልኩት የቲማቲም ችግኝ ግማሹን በአራት ቀን የጨረስኩት እኔው ነኝ። በሽታ አልገባም፣ ውሃም አልጎደለም። ከአንድ ዶሮ አርቢ ሦስት ጆንያ ኩስ በነፃ አገኘሁና ደስ ብሎኝ ትኩሱን በየጉድጓዱ ጨመርኩት፤ ችግኙን ከላዩ ተከልኩ። በሁለተኛው ቀን የቅጠሉ ጠርዝ እሳት እንደነካው ቡናማ ሆነ፣ በአራተኛው ቀን ግንዱ ተኛ። አንዱን ነቅዬ ሥሩን ሳየው የተቀቀለ ይመስላል፤ ነጭ መሆን የነበረበት ጠቁሮ በጣቶቼ መካከል ሟሟ። ከጉድጓዱ የወጣው ሽታ ዓይኔን አቃጠለው። ያ አሞኒያ ነው። ትኩስ ኩስ አፈር ውስጥ ሲፈርስ አሞኒያ ይለቅቃል፣ ጨዉም ብዙ ነው፤ ሁለቱ ተባብረው ለጋውን ሥር ይፈጁታል።

ስለዚህ ዘንድሮ ችግኝ ከማፍላቴ ከሁለት ወር በላይ ቀድሜ ፍጉን ልጀምር ነው።

ቦታዬ ሸዋ ሮቢት ነው፤ ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጣርማ በር ላይ ብርድ ያንቀጠቀጠው መንገደኛ ደብረ ሲናን አልፎ ሲወርድ ጃኬቱን የሚያወልቅበት ቆላ ነው። በክረምቱ ማሽላና ማሾ ይዘራል፤ በበጋው ከሮቢ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል። የኔ ጓሮ 10 ሜትር በ12 ሜትር ናት። በመስመር መካከል 1 ሜትር፣ በችግኝ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ብዬ ሳሰላው 12 መስመር፣ 400 ያህል ችግኝ ትይዛለች። ለእያንዳንዱ ችግኝ ግማሽ ኪሎ የበሰለ ፍግ ካልኩ 200 ኪሎ ያስፈልገኛል። በሄክታር ሲመታ 16 ቶን ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ለቲማቲም ከሚመከረው ከ10 እስከ 20 ቶን መካከል ነው።

ሐምሌ 22

እኛ ቤት ከብት የለም። ፍግ ፍለጋ ደጋ ወጣሁ፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ ወዳሉት አክስቴ። ሦስት ላምና ሃያ የሚሆኑ በጎች አሏቸው።

«እትዬ፣ እበቱን ቢሰጡኝ ለቲማቲሜ ላበስለው ነበር» አልኳቸው።

«እበቱን ወስደህ እኔ በምን ልጋግር ልጄ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ባሕር ዛፉ አድጎ ሲደርስ ይሸጣል፤ ምጣዱ የሚሰማው በኩበት ነው። የቤታቸው ግድግዳ በሙሉ ኩበት ተለጥፎበታል፣ ጓዳውም እስከ ጣሪያው ተከምሯል። ከመሬቱ የወጣው ሁሉ ወደ መሬቱ ሳይመለስ በምድጃ በኩል ጢስ ሆኖ ሲሄድ ማየት ልቤን ያመኛል። ግን እሳቸው ላይ እንዴት እፈርዳለሁ? እንጀራ ሳይጋገር አይታደርም።

ቡና ጠጥተን ስንጨርስ ራሳቸው መላ አመጡ። «የበጉን በጠጥ ከፈለግህ ጋጣውን ጥረገውና ውሰድ። እሱ አይጠፈጠፍልኝም።»

ስድስት ጆንያ ሞላሁ። የበግ በጠጥ ከላም እበት የደረቀ ነው፣ ናይትሮጅኑም ይበልጣል፤ ለመጫንም አያስቸግርም። ድንች ጭኖ ቁልቁል በሚወርድ አይሱዙ ላይ አስጭኜ ማታ ቤት ገባሁ።

ሐምሌ 24

ክምሩን ሠራሁ። ከሥር ውሃና አየር እንዲያሳልፍ የተሰባበረ የማሽላ አገዳ፤ በላዩ አንድ ስንዝር የጤፍ ጭድ፤ ከዚያ ከጓሮው የታጨደ እርጥብ አረም ዘር ሳይቋጥር፤ ከዚያ በጠጥ፤ ከዚያ እፍኝ እፍኝ አፈር። ይህን እየደጋገምኩ ደረቴ ድረስ አደረስኩት። ቁመቱም ወርዱም ከ1 ሜትር ያነሰ ክምር ሙቀቱን አይዝም፤ ስለዚህ ሳልሰስት ከመርኩት።

እርጥበቱን በእጄ ነው የለካሁት። አንድ እፍኝ ይዤ ስጨምቀው በጣቶቼ መካከል አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ካንጠባጠበ በቂ ነው። ከፈሰሰ አየር አጥቶ ይገማል፤ ምንም ካልወጣ አይፈርስም። ዝናቡ እንዳያጥበው በላስቲክ ሸፈንኩት። መሃሉ ላይ ረጅም ዱላ ሰካሁ።

እናቴ የምድጃውን አመድ ልትጨምርበት አምጥታ ነበር፤ እምቢ አልኳት። አመድ ከትኩስ ፍግ ጋር ሲገናኝ ናይትሮጅኑን በአሞኒያ መልክ ያባርረዋል። አመዱን በጣሳ አስቀመጥኩት፣ ለብቻው ቀን አለው።

ሐምሌ 28

ዱላውን ስመዝዘው ጫፉን መያዝ አልቻልኩም። ሞቃትም እርጥብም ነው፤ ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው። ዱላው ደርቆ ቢወጣ ውሃ ይጨመር ነበር፣ ቀዝቅዞ ቢወጣ ክምሩ ፈርሶ እንደገና ይሠራ ነበር። በዚህ ደረጃ የክምሩ ልብ ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይደርሳል፤ የአረሙን ዘርና አብዛኛውን የበሽታ ተሕዋስ የሚፈጀው ይህ ሙቀት ነው። በጎቹ የበሉት ሣር ዘሩ ሳይፈጭ በበጠጡ እንደሚወጣ ሰው ይረሳል። አምና ካረምኩት አረም ስንቱ በፍግ የመጣ እንደነበር አሁን ይገባኛል።

ነሐሴ 18

አገላበጥኩት። የውጪው ወደ ውስጥ፣ የውስጡ ወደ ውጪ። በመንሽ ስገለብጠው እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። 

መስከረም 8

ደገምኩት፤ አሁን ለብ ብቻ ነው።

መስከረም 28

ሁለተኛ ክምር። ጎረቤት ማሾ ወቅቶ ገለባውን ሊያቃጥል ሲል ለመንኩት፤ ሁለት ጆንያ የዶሮ ኩስም አገኘሁ። አምና ችግኜን የፈጀው ዓይነት ኩስ ነው እንግዲህ፣ ዘንድሮ ግን ከብዙ ገለባ ጋር ተከምሯል። ኩሱ ናይትሮጅን ነው፣ ገለባው ካርቦን ነው፤ ገለባው ሲበዛ ያንን የሚያቃጥለውን አሞኒያ ተሕዋስያኑ ይዘው ገላቸው ያደርጉታል።

መስከረም 30

ዘሩን አፈላሁ። ሮማ ቪ ኤፍ ነው። ቪ እና ኤፍ የሚሉት ፊደላት ቬርቲሲሊየምና ፉዛሪየም የሚባሉትን አጠውላጊ ፈንገሶች እንደሚቋቋም ያመለክታሉ። ቁጥቋጦው አጭር ስለሆነ ብዙ ድጋፍ አይፈልግም፣ ፍሬውም ለጉዞ ይጸናል። በመደቡ ላይ በ15 ሳንቲ ሜትር ልዩነት መስመር አውጥቼ ዘርቼ ሣር አለበስኩት።

ጥቅምት 24

ችግኙ አራት እውነተኛ ቅጠል ሊያወጣ ነው። የመጀመሪያው ክምር ሦስት ወር ሞልቶታል፤ ጥቁር ነው፣ ጭዱም አገዳውም አይለይም፣ ሲሸተት ዝናብ የነካው አፈር ነው። ሁለተኛውም ጠቁሯል፣ ሙቀቱም በርዷል። በዓይን ብቻ ብሄድ ሁለቱንም እጠቀም ነበር።

በዓይን አልሄድኩም። እናቴ ለሆድ ቁርጠት የምታስቀምጠውን ፌጦ ለመንኳትና ሦስት ጣሳ አሰናዳሁ። አንዱ የጓሮ አፈር ብቻ፤ አንዱ ግማሽ አፈር ግማሽ ከመጀመሪያው ክምር፤ አንዱ ግማሽ አፈር ግማሽ ከሁለተኛው ክምር። በእያንዳንዱ ላይ 20 ፍሬ ፌጦ ቆጥሬ ጣልኩ። ፌጦ ውሃ ሲነካው ቶሎ ያሙለጨልጫል፣ በሁለት በሦስት ቀን ይበቅላል፤ ሥሩም እጅግ ለስላሳ ስለሆነ ያልበሰለ ነገርን አይችልም። የብስባሽን መብሰል የሚፈትሹ ላብራቶሪዎችም በሌላው ዓለም የሚጠቀሙት ይህንኑ ዘር ነው። ለካስ በየቤታችን ጓዳ ተቀምጧል።

ጥቅምት 28

አፈሩ ላይ 18 በቀለ። የመጀመሪያው ክምር ላይ 19፣ ቅጠላቸውም የሰፋ። ሁለተኛው ክምር ላይ 5 ብቻ። ከአምስቱ አንዱን በመርፌ ጫፍ አነሳሁት፤ የሥሩ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ተጠምዝዟል፣ ከአፈሩ ሸሽቶ ወደ ላይ ዞሯል። አምና በ200 ችግኝ ያየሁት ነገር ይኸው በአንድ ጣሳ ውስጥ ነው።

ጣሳውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። አምና አንድ እፍኝ ፌጦና አራት ቀን ቢኖረኝ ኖሮ ያን ሁሉ ችግኝ አልቀብርም ነበር።

ውሳኔ፦ ለመትከያ የመጀመሪያው ክምር ብቻ። ሁለተኛው ተገላብጦ ውሃ ተጨምሮበት ይቆይ፤ አበባ ሲጀምር እንደገና ይፈተናል።

ያልበሰለን ፍግ ከችግኝ የምለይበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ቲማቲም ጥሬውን የሚበላ ነገር ነው። የአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብ ጥሬ ፍግ አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ አፈር የሚነካ ምርት እስኪለቀም 120 ቀን፣ አፈር የማይነካ ከሆነ 90 ቀን እንዲያልፍ ያዛል። የኔ ቲማቲም ከተተከለ በ80 ቀኑ ይለቀማል። ትኩስ ፍግ ጉድጓድ ውስጥ ከጨመርኩ ቀኑ በየትኛውም ሒሳብ አይሞላም። ሰላጣውን የሚበሉት ደግሞ ልጆች ናቸው።

ኅዳር 4

ተከላ። ሳምንቱን ውሃ ቀንሼ ዳሱንም አንስቼ ችግኙን ፀሐይ አስለምጄዋለሁ፤ ትናንት ማታ ግን ሥሩ ከነአፈሩ እንዲነቀል መደቡን በደንብ አጠጣሁት። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ ጀመርን፤ እኔ፣ እናቴና ታናሽ ወንድሜ።

ጎረቤታችን ጋሼ አጥሩ ላይ ተደግፈው ሲያዩን ቆዩና «ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? እፍኝ ኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያ ብታደርግበት አይበቃም?» አሉ። እውነት አላቸው፣ ሽንኩርታቸው በሱ ነው የሚያምረው። 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፎረስ በኦክሳይድ ሲለካ፣ 7 በመቶ ድኝ፤ ወዲያው የሚደርስ ምግብ ነው። «እሺ ጋሼ፣ ሁለት መስመር እርስዎ እንዳሉት ላድርግ፤ ይዩልኝ» አልኳቸው። ግማሽ ኪሎ ሰጡኝ። ሌላ ሁለት መስመር ደግሞ ምንም ሳይገባበት ቀረ። የተለዩትን መስመሮች ዳር ሳይሆን መሃል አደረግኳቸው፤ ዳር ያለው ውሃም ፀሐይም በሌላ መጠን ስለሚያገኝ ይሸውደኛል።

የቀሩት ስምንት መስመሮች እንዲህ ተተከሉ። አንድ ስንዝር ጉድጓድ። ሁለት እፍኝ የበሰለ ፍግ፣ ከጉድጓዱ አፈር ጋር በጣት ማዋሃድ። በላዩ ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ አፈር፤ የበሰለ ቢሆንም ሥሩ ወርዶ እንዲያገኘው እንጂ በመጀመሪያው ቀን እንዲተኛበት አልፈለግሁም። ከዚያ የታችኞቹን ሁለት ቅጠሎች ቀንጥሶ ችግኙን እስከ ቀጣዮቹ ቅጠሎች ድረስ መቅበር። ቲማቲም እንደ ብዙው አትክልት አይደለም፤ ከአፈር በታች የገባው ግንድ ራሱ ሥር ያወጣል። አፈሩን በሁለት እጅ ጠበቅ ማድረግ፣ አንድ ጣሳ ውሃ። እናቴ እያንዳንዱን ስትቀብር «በል እደግ» ትለዋለች።

ሲመሽ ስድስት ጆንያ ፍግ አልቋል። 

ኅዳር 8

አራተኛው ቀን። ሌሊት ሁለቴ ተነስቼ በባትሪ አየሁ። የተኛ የለም። ጠርዙ የነደደ ቅጠል የለም።

ኅዳር 16

የሰው ፍየል ገብታ አንዱን ቀጨችው። ነቅዬ ልተካ ስል አስደናቂ ነገር አየሁ፦ የቀበርኩት ግንድ ዙሪያውን ፀጉር የመሰለ ነጭ ሥር አውጥቷል፣ ከታች ያለው ዋና ሥር ደግሞ የአፈሩን ሽፋን በስቶ ፍጉ ውስጥ ገብቶ ጥቁሩን እብጥ እብጥ ያለ ነገር ጨብጦታል። ባራግፈውም አልለቅ አለ። ይህን ወንድሜን ጠርቼ አሳየሁት።

ኅዳር 25

ጋሼ ሊያዩ መጡ። የኤን ፒ ኤሱ ሁለት መስመር ከኔ ይልቅ ጠቁሮ አረንጓዴ ሆኗል፣ በአንድ እጅ ቁመት ይበልጣል። ፈገግ አሉ። ባዶዎቹ ቀጭን ናቸው። የፍጉ መስመሮች መካከለኛ። ይጠበቃል፤ ፍግ ምግቡን የሚለቀው ተሕዋስ እየፈጨው ቀስ በቀስ ነው።

ታኅሣሥ 6

ሁለተኛውን ክምር ከአምስት ቀን በፊት በፌጦ ፈትኜው ነበር፤ ከ20ው 17 በቀለ፣ ሥራቸውም ነጭ። አልፏል። አበባው መታየት ስለጀመረ ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቄ ትልም ነገር አወጣሁ፣ በችግኝ አንድ እፍኝ አድርጌ አፈር መልሼ አጠጣሁ። ከዚህ በላይ አልሰጥም። ናይትሮጅን ሲበዛ ቲማቲም ቅጠሉን ያንዠረግግና አበባውን ይረሳል፤ ለስላሳውን ቅጠል ደግሞ ክሽክሹም ትሉም ይወደዋል።

አመዱ ቀኑ ደረሰ። ቲማቲም ፍሬ ሲይዝ ከሁሉ በላይ የሚስበው ፖታስየም ነው፣ አመድ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ለአንድ መስመር አንድ ጣሳ፣ ስስ አድርጌ በትኜ በአፈር መለስኩት። የሚያበዛ ሰው አፈሩን እንደ ኖራ ያደርገዋል፤ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ።

ቅጠል ውስጥ ዋሻ የሚቆፍረው ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ትልም ብቅ ብሏል። በአውሮፓውያን 2012 አገር ውስጥ ከታየ ወዲህ ቲማቲም ያለ እሱ አይታሰብም። የተቆፈረውን ቅጠል እየለቀምኩ በላስቲክ አስሬ ፀሐይ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ክምር ውስጥ አላስገባውም።

ጥር 3

በገና ሰሞን ከላይ ቦዩ ተደርምሶ ዘጠኝ ቀን ውሃ አልመጣም። የቦዩን ውሃ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ሰው ሰብስበው ከበዓሉ በኋላ አስጠገኑት። ውሃው ሲመለስ ሁሉም ደስ አለው፤ የኔ ራስ ምታት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የእንቁላል መጠን ያህል ከደረሱት አረንጓዴ ፍሬዎች የአንዳንዶቹ ጫፍ፣ ከታች አበባው የነበረበት በኩል፣ ውሃ እንደነካው ወረቀት ሆኖ ከዚያ ጠቁሮ ጎደጎደ።

ሰው «የእንቁላል ቅርፊት ፍጪበት» አላት እናቴን። ቅርፊት ካልሲየም ነው፣ ጉድለቱም የካልሲየም ነው፣ ግን ቅርፊት አፈር ውስጥ እስኪሟሟ ዓመት ይፈጃል። ካልሲየሙም አፈሩ ውስጥ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ከሥር ወደ ፍሬ የሚጓዘው በውሃ ነው፤ ውሃ ሲቋረጥ ያለችውን ጥቂት ቅጠሉ ይቀድማል፣ ፍሬው ይራባል። እንደ ሮማ ቪ ኤፍ ያለ ሾጣጣ ፍሬ ደግሞ ይበልጥ ይጠቃል። መድኃኒቱ እኩል እኩል ማጠጣት ነው፤ እኔም በግንዱ ዙሪያ የጤፍ ጭድ አልብሼ እርጥበቱን ያዝኩለት።

መስመር በመስመር ቆጠርኩ። ባዶዎቹ ላይ በመስመር 31 የጠቆረ ፍሬ። ኤን ፒ ኤሱ ላይ 44። የፍጉ ስምንት መስመር ሲካፈል 12። አፈሩን በጣቴ ስቆፍረው ምክንያቱ ተሰማኝ፦ በፍጉ መስመር ከአንድ ጣት በታች ገና ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፣ በሌሎቹ ተሰነጣጥቋል። ከሁሉ የደነቀኝ ይህ ነው። ፍግን የምንሰጠው ምግብ ነው ብለን ነው፤ በዘጠኙ ቀን ግን ፍሬዎቼን ያዳነልኝ ውሃ መያዙ ነው። ሁለት ሁለት መስመር ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ፣ ከርሞ አበዛዋለሁ።

ጥር 22

የመጀመሪያው ለቀማ። ተከላው ከሆነ 78 ቀን።

የካቲት 14

አራት ጊዜ ለቅመናል። በመስመር ሲካፈል ፍጉ 38 ኪሎ፣ ኤን ፒ ኤሱ 36፣ ባዶው 22። ጋሼ መጥተው የሚዛኑን ወረቀት አዩ፤ «ተቀራራቢ ነው» አሉ። ነው። ከዚያ የፍጉን መስመር አፈር በዶማ ጫፍ ገለጥ አድርገው አሸተቱና «ለሽንኩርት ከርሞ ይህን ክምር አሳየኝ» አሉኝ። ሐምሌ ላይ አብረን እንሠራለን ተባብለናል።

የካቲት 20

አንድ ሳጥን ቲማቲም ይዤ ወደ አክስቴ ልወጣ ነው። ቲማቲሙ ግን ብቻውን አይሄድም። እዚህ ማሽላ ከታጨደ በኋላ አገዳው በየማሳው ዳር ተከምሮ የሚፈልገው የለም። ሽንኩርት ጭኖ ሽቅብ የሚሄድ አይሱዙ ሾፌር ከነጭነቱ አናት ላይ ለማሰር ተስማማልኝ፤ ስምንት ትልልቅ እስር አገዳ።

ማታ ደወልኩላቸው። «እትዬ፣ ማገዶ እያመጣሁልዎ ነው።»

«ስንት ቀን ይጋግርልኛል?»

«ቢያንስ እስከ ፋሲካ።»

ዝም አሉ። ሲያሰሉ ይሰማኛል። «እንግዲያው» አሉ፣ «ከነገ ጀምሮ የአንዷን ላም እበት አልጠፈጥፈውም። ጆንያ ይዘህ ና።»